የጤነኛዋ ደም

መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ቀስታ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት አለቃዋ ፕሮፌሰሩ ናቸው። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ባለበት የሆስፒታሉ ምድር ቤት ሰው በሩን ገጭ አድርጎ ሲገባ ወይ ወንበር ሲጎትት፣ ከጨለማው ክፍል ውስጥ «ቀስታ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ማሽኑ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ሲያስገቡት ግድግዳ ማፍረስ ነበረባቸው። ግን እንደ አራስ ነው፤ ደረጃ ላይ የሚሮጥ ሰው እንኳ ምስሉን ያንቀጠቅጥበታል። እናም እሷ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ድመት እየተራመደች ኖራለች። ቶሎ በይ ላላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ሥራዋ የደም ህዋሳትን ሆድ ዕቃ ማየት ነው። ተራው ማይክሮስኮፕ ህዋሱን ከውጭ ያሳያል፤ ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደሚመስል። የእሷ ማሽን በብርሃን ፈንታ የኤሌክትሮን ጨረር ይጠቀምና ውስጡን ገልጦ ያሳያል። ከሁሉ አብልጣ የምታውቃቸው ፕላትሌቶችን ነው፤ ሰውነት ሲቆረጥ ሮጠው ደርሰው ቁስሉን የሚደፍኑትን፣ ከደም ህዋሳት ሁሉ የሚያንሱትን። ጤነኛ ፕላትሌት ምስሉ በሚታይበት የማሽኑ መስኮት ላይ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ሆዱ ውስጥ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ የመሰለ አራት አምስት ፍሬ አለ። ፍሬዎቹ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው ሌሎቹን «ኑ፣ ደም እዚህ ጋ እየፈሰሰ ነው» ብሎ የሚጠራው። ፍሬ የሌለው ፕላትሌትም ቁስሉ ጋ ይደርሳል፤ ግን የሚጣራበት አፍ የለውም። ደሙም ይፈሳል።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ነስር አልቆም ያላት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደም መጥቶ ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ከበሽተኛው ደም ጎን ሁልጊዜ የጤነኛ ሰው ደም ይቀመጣል፣ በአንድ ሰዓት ተቀድቶ፣ በአንድ እጅ ተዘጋጅቶ፣ ለማመሳከሪያ። ጤነኛው ብዙ ጊዜ የበሩ ጥበቃ ነበር። «እናንተ ሰዎች፣ ለሚስቴም ትንሽ ደም አስተርፉላት» እያለ ክንዱን ይዘረጋላቸዋል። የዚያን ቀን ግን ፈቃድ ላይ ነበር።

«የኔን ውሰዱ» አለች ቀስታ እጅጌዋን እየሰበሰበች።

ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ቀዱላት። «ካንቺ ሌላ ጤነኛማ ከየት ይመጣል?» ብለው ሳቁ። «በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልቀረሽም።» ጥጡን አስይዘዋት ሄዱ። ጥጡ ቀላ፤ ቀየረችው፤ ሁለተኛውም ቀላ። ልብ አላለችውም። ሁሌም እንደዚያ ነበር።

ከሁለቱ ደም ፕላትሌቶቹን ለየች፤ ከምስር ክክ በማትበልጥ የመዳብ ወንፊት ላይ አንዳንድ ጠብታ አኖረች፤ አደረቀች። ማሽኑ ውስጥ ስታስገባ የትኛው የማን እንደሆነ አታይም። ካወቀች ዓይኗ ያዳላል።

የመጀመሪያው ባዶ ነበር። ግራጫ ሆድ፣ ሌላ ግራጫ ሆድ፣ ሌላ። መቶ ፕላትሌት ቆጠረች፤ በመቶው ውስጥ ያገኘችው ሦስት ፍሬ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ዘመኗ ያየችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

«ውይ፣ የኔ ልጅ» አለች ድምፅ አውጥታ። የዘጠኝ ዓመቷን ልጅ በዓይነ ልቦናዋ እያየች፣ ለእናትየዋ ማን እንደሚነግራት እያሰበች፣ ሁለተኛውን አስገባች። እሱ ሙሉ ነበር፤ አራት ፍሬ፣ ስድስት ፍሬ፣ አምስት። ደስ የሚል ደም።

ከዚያ መብራቱን አብርታ የወንፊቶቹን መያዣ ገለበጠች። ባዶው ላይ በራሷ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈው «ጤነኛ» ነበር።

ተሳስቼ ነው አለች፤ አቀያይሬያቸው ነው። በሕይወቷ አቀያይራ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ተሳስታ ቢሆን ምንኛ በወደደች። ማንም ሳይሰማ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥታ አንዷን ነርስ በሌላኛው ክንዷ አስቀዳች። እንደገና ለየች፣ እንደገና አደረቀች። አንድ ሰዓት ፈጀባት።

ባዶ ነው።

ፕሮፌሰሩ ተጠርተው መጡና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ይሄ ያንቺ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«የኔ ነው።»

«ጥርስ ተነቅለሽ ታውቂያለሽ?»

«አንድ። ሁለት ቀን ደማ። ትራሱን ጣልነው።»

«ሳትመቺ ይበልዝብሻል?»

«አባቴ የናትሽ ገላ ነው፣ ስስ ነው ይለኛል።»

ፕሮፌሰሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ወንበሩ መሬቱን ፋቀው፤ እሷም ቀስታ አላለችም።

«እናትሽ አሉ?»

«ታናሽ እህቴን ስትወልድ ነው የሞተችው።»

«በምን?»

«በደም» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ነው የሰማችው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያወቀችው ነገር ነው፤ ከራሷ ደም ጋር አንድ ነገር መሆኑን ግን ገና አሁን ሰማችው።

«እህትሽስ?» አሉ ፕሮፌሰሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወልዳ ታውቃለች?»

«ዓርብ ልትወልድ ነው። በኦፕሬሽን።»

*

እህቷን ቤተሰቡ ሁሉ «ጩጬ» ይላታል። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፀጉር ቤት አላት፤ ሆዷ ከመስተዋቱ ጋር እየተጋጨም ቢሆን ሥራ አላቆመችም። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ያን ሳምንት ጭነት ይዞ ሩቅ መንገድ ላይ ነበር። ልጁ በቂጡ ስለተቀመጠ ሐኪሟ ቀን ቆርጣላት ነበር። «እንደ አባቱ ነው» ትላለች ጩጬ፣ «ከወንበር አይነሳም።»

ቀስታ ፀጉር ቤቱ ስትደርስ ጩጬ ካስኩ ሥር ለተቀመጠች ደንበኛ ጥፍር እየሞረደች ነበር።

«እትዬ! ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ምድር ቤት የሚውል ሰው ሌላ ምን ሊመስል ነው?» አለች ቀስታ። መንገዱን ሙሉ ያጠናችውን ውሸት አወጣች። «ለጥናት የእርጉዝ ሴት ደም ያስፈልገናል። ጤነኛ የሆነች። አንዲት ብልቃጥ ብቻ።»

«መርፌ? አንቺ እብድ ነሽ? ዓርብ አርደው ሊያወጡልኝ ነው፣ ዛሬ ደግሞ አንቺ?»

«አፍሽ ቁርጥ ይበል!»

ይህን የተናገረችበት ድምፅ ሞረዱን ከጩጬ እጅ አስጣለው። ደንበኛዋም ካስኩን ገፋ አድርጋ አየቻቸው። ጩጬ የእህቷን ፊት ትንሽ መረመረችና ወደ ጓዳው ቀደመቻት፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳ አዙራ ክንዷን ሰጠቻት።

መርፌው ከወጣ በኋላ ቀስታ ጥጡን በአውራ ጣቷ ይዛ ሰዓቷን ተመለከተች። አምስት ደቂቃ። ዐሥር። ጥጡን ስታነሳው ደሙ እንደገና ኩልል አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ምንም የማይቸኩለው ይመስል። ጩጬ ባት ላይ ደግሞ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ሰማያዊ ምልክት ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ። ወንበር ይሆናል» አለች ጩጬ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ የምትደብቂኝ ነገር አለ?»

«ምን እደብቅሻለሁ?»

«እማዬን ያደረጋት ነገር እኔንም እንዳያደርገኝ እፈራለሁ። ለማንም ብዬ አላውቅም። ሆዴ ሲገፋ ጀምሮ ሁሌ እሱን ነው የማስበው።»

ቀስታ ግንባሯን ሳመቻት። ፕላትሌት ብርድ አይወድም፤ ብልቃጧን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ታክሲ ውስጥ ገባች። ሾፌሩ በጉድጓድ ባለፈ ቁጥር ደረቷን በሁለት እጇ ትይዛለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ፍጠንልኝ እባክህ» አለች።

ቆጠሩ፤ እሷ ትቆጥራለች፣ ፕሮፌሰሩ ይጽፋሉ። ከመቶ ፕላትሌት ሁለት ፍሬ። ፕሮፌሰሩ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ እንዲህ ነው፤ አይጮህም፣ በር አያንኳኳም፤ ግራጫ ሆኖ መስኮት ላይ ይቀመጣል።

*

ረቡዕ ጠዋት የጩጬ የማህፀን ሐኪም ያለችበት ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሟ ቀጠን ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። የጩጬን ፋይል ገለጠች።

«የፕላትሌት ቁጥሯ ሁለት መቶ አርባ ሺህ ነው። ከኔ ይበልጣል! የደም መርጋት ምርመራዋም ደህና ነው። ታዲያ ምኑ ነው ያስፈራሽ?»

«ዶክተር፣ የተቆጠረው ጆንያው ነው። ፈቶ ያየው የለም» አለች ቀስታና ሁለት ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ይሄ የጤነኛ ሰው ነው። ይሄ የእህቴ።»

ሐኪሟ ፎቶዎቹን አቀራረበች፤ አራራቀች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠች፤ ፍጥነቷ ሁሉ ጠፋ።

«ወገቧ ላይ ልወጋት ነበር» አለች። «ለማደንዘዣ። እዚያ ውስጥ ደም ቢቋጥር እኮ ሁለት እግሯ ሽባ ይሆን ነበር።»

ቀስታ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ሙሉ ማደንዘዣ እንሰጣታለን። ከደም ባንክም ፕላትሌት አስመጣለሁ፤ የሌላ ሰው፣ ሙሉ የሆነ። ስንት ከረጢት እንደምጠይቅ ነው የቸገረኝ። እዚያም ሌላ በሽተኛ ይጠብቀዋል፤ አምስት ቀን ካለፈው ይጣላል። እናታችሁ የሞተችው በደም ነው አልሽኝ። እንዴት ደማች? የእንግዴ ልጁ ቀርቶባት ነው? ማህፀኗ አልኮማተር ብሎ ነው? ወይስ ሁሉም ደህና ሆኖ ደሙ ብቻ ነው እምቢ ያለው? መጨረሻው ከሆነ አጥብቄ ነው የምጠይቀው። ያኔ አብሯት የነበረ ሰው አለ?»

አንድ ሰው አለች። የእናታቸው ታላቅ እህት፣ አዋላጅ ነርስ የነበረች። እናታቸውን ያዋለደቻት እሷ ናት። አባታቸው ከቀብር መልስ በሩን ዘግቶባታል፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስሟ ተጠርቶ አያውቅም፤ «ያቺ ሴትዮ» ናት።

ቀስታ ለአባቷ ደወለች። ጡረታ የወጣ የመንገድ ሥራ ፎርማን ነው፤ ስልክ ላይ ሲያወራ አሁንም ሮለር መኪና እያሸነፈ ይመስል ይጮሃል።

«አባዬ፣ እማዬ በምን እንደሞተች አክስቴን ልጠይቃት ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ለጩጬ ሐኪም ያስፈልጋል።»

«ያቺ ሴትዮ እንግዴ ልጁን ከፍላ ትታባት ነው የሞተችው! ሃያ ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ!»

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? ደሙን በዓይኔ አየሁት እኮ! ከአልጋው ሥር…» ድምፁ ተቆረጠ። ቆይቶ፣ ሳይጮህ፣ «እዚያች ሴትዮ ቤት እንዳትሄጂ» አላት።

«እሄዳለሁ፣ አባዬ» አለች። እንዲህ ብላው አታውቅም።

*

ቤቱን ታውቀዋለች። አውቶቡሱ በዚያ ሲያልፍ ሁሌ አንገቷን ታዞር ነበር። አረንጓዴ የብረት በር ነው፤ ሲከፈት ያያት አሮጊት ሴት የበሩን እጀታ ሳትለቅ ቆመች። ነጭ ፀጉሯ አጭር ተቆርጧል፤ ጥፍሮቿም እንደ ሥራ ላይ ሰው ከሥር ተቆርጠዋል።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም። እርስዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ ስለ…»

«አንቱታሽን ተይው። እትብትሽን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ግቢ።»

ሳሎኑ ውስጥ አንድ ሶፋ፣ አንድ ሬዲዮ፣ በጨርቅ የተሸፈነ የልብስ ስፌት መኪና ነበር። ቀስታ ፎቶዎቹን ከማውጣቷ በፊት ነው የጠየቀቻት። ቀድማ ፎቶውን ብታሳያት አክስቷ መስማት የምትፈልገውን ልትነግራት ትችላለች ብላ ፈርታ ነው።

«እማዬ እንዴት ነው የደማችው?»

አክስቷ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ወለሉን እያየች ጀመረች። የምትናገረው ሪፖርት እንደምታነብ ሰው ነበር፤ በሆዷ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተናገረችው ያስታውቃል።

«ልጅቷ በደህና ወጣች። እንግዴ ልጁ በዐሥር ደቂቃ ወጣ፤ አጥቤ ገለበጥኩት፤ ሙሉ ነበር። የጎደለ ነገር የለም። ማህፀኗን በእጄ ያዝኩት፤ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነበር። የተቀደደ ቦታ የለም። ደሙ ግን መጣ። በአንድ ጊዜ ግልብጥ ብሎ አይደለም፤ እንደ ቧንቧ ውሃ፣ ቀጭን፣ ሳያቋርጥ። ሳህን ውስጥ ያዝኩት፤ እንዲረጋ ብዬ አየሁት፤ ቆይቶ ቆይቶ ነው የረጋው። መርፌ የወጋኋት ቦታ ሁሉ ያንጠባጥብ ነበር። ሐኪም ቤት እስክናደርሳት… መኪናው ውስጥ እጄን ይዛኝ ነበር።»

መዳፏን ገልብጣ አየችው።

«ለሐኪሞቹ ነገርኳቸው። አዋላጅ ጥፋቷን ስትደብቅ እንዲህ ትላለች አሉኝ። አባትሽም አመናቸው። አሁን የማልነግርሽን ልንገርሽ? እኔም አመንኳቸው። በስንተኛው ዓመት እንደሆነ አላውቅም፣ እንግዴ ልጁ ሙሉ መሆኑን በእርግጥ አይቼ ይሆን ማለት ጀመርኩ። መብራቱ ደካማ ነበር እላለሁ። ሥራዬን ተውኩ። አንድም ልጅ ከዚያ ወዲህ አላዋለድኩም።» ከዚያ ዓይኗን አነሳች። «አንቺንም ስትወልድ ብዙ ደምታ ነበር። ሦስት ሳምንት ተኝታለች። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እሱ እውነት የኔ ነው።»

ቀስታ ፎቶዎቹን አወጣች። አሮጊቷ መስኮቱ ጋ ወስዳ፣ አርቃ ይዛ አየቻቸው። ቀስታ ስለ ፍሬዎቹ፣ ስለ ባዶዎቹ ነገረቻት፤ የእሷና የጩጬ እንደሆኑ፣ እንዲህ ያለው ነገር ከእናት ወደ ልጅ እንደሚሄድ። ታለቅሳለች ብላ ጠብቃ ነበር። አክስቷ ግን ከንፈሯን ነክሳ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«መቼ ነው የምትወልደው?»

«ዓርብ።»

ቀስታ ገና ሐኪሟ ጋ ልትደውል ስልኳን ስታነሳ፣ ስልኩ ቀድሟት ጮኸ። አባቷ ነበር። አልጮኸም፤ በሹክሹክታ ነበር የሚናገረው።

«ጩጬ ፀጉር ቤት ሆና እንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ሆስፒታል ነን። ቶሎ ነይ።»

አክስቷ ሹራቧን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

*

ታክሲ ውስጥ ሆና ለሐኪሟ አክስቷ ያለችውን ቃል በቃል ነገረቻት። ሐኪሟ ሳታቋርጣት ሰማች፣ «ገባኝ። ሁለት ከረጢት እጠይቃለሁ» አለችና ዘጋች።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ጩጬን በጋሪ እየገፏት ነበር። የእህቷን እጅ ይዛ አለቀቀችም።

«እትዬ፣ ሐኪሟ ነገረችኝ። ባዶ ነው አሉኝ።»

«ባዶ ነው። ግን አውቀነዋል፣ ጩጬ። እማዬ ጊዜ ማንም አላወቀም ነበር።»

«ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች ቀስታ። ደህና ነሽ፣ አይዞሽ ልትላት አስባ ነበር፤ የወጣው ግን እሱ ነው። ጩጬም እንደዚያ በመባሏ ይሁን በሌላ፣ እጇን ለቀቀችላት። በሩ ተዘጋ።

አባታቸው ኮሪደሩ ላይ ከተደረደሩት የብረት ወንበሮች አንዱ ላይ ነበር። ከቀስታ ኋላ የቆመችውን ሲያይ ተነሳ። ጡጫው ተጨብጦ ነበር።

«አንቺ! እዚህም መጣሽ? አንዷ አልበቃችሽም?»

ቀስታ በመሃላቸው ገባች።

«እኔ ነኝ ያመጣኋት። አባዬ፣ ቁጭ በል።»

«ስሟን…»

«ቁጭ በል አልኩህ!»

አንዲት ነርስ «እባካችሁ፣ ሆስፒታል ነው» አለቻቸው። አባትየው ተቀመጠ፤ አክስትየዋ ከሱ አምስት ወንበር ርቃ፣ ቀስታ መሃል። ማንም ማንንም አላየም።

የመጀመሪያው የፕላትሌት ከረጢት በፊታቸው አለፈ፤ መልኩ እንደ ማር ቢጫ ነው፤ ነርሷ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ሁለተኛው ከደም ባንክ በመኪና እየመጣ ነበር። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፤ አባትየው ብድግ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ማንም እልል አላለም። ለቅሶው ሳይሆን ከለቅሶው በኋላ የሚመጣው ነበር የሚያስፈራው፤ ይህን ሦስቱም ያውቁታል።

ከዚያ አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ በፍጥነት ወጣች። ስትመለስ የታጠፈ ፎጣ ክምር ታቅፋ ነበር። እንደገና ወጣች። አክስትየዋ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ቀስታ ጸሎት መስሏት ነበር፤ ስታዳምጣት ግን ደቂቃ እየቆጠረች ነው።

«ምን እየሆነ ነው?» አላት አባትየው። ቀስታን አልነበረም የጠየቀው፤ ዓይኑ ከቀስታ ትከሻ በላይ አልፎ ሄዷል። «ይሄ ፎጣ ምንድን ነው? ንገሪኝ እንጂ!»

«እየደማች ነው» አለች አክስትየዋ፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል። «ግን አልሮጡም። ነርሷ ቶሎ ነው የምትራመደው፤ እየሮጠች አይደለም። ስትሮጥ ካየህ ያኔ ፍራ።»

አባትየው ከዚያ በኋላ የነርሷን እግር ብቻ ነበር የሚያየው። ቀስታም እግሯን አየች። በራሷ ክንድ ያለው ደም፣ ከውስጥ በጩጬ ሆድ የሚፈሰው ደም፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ከአልጋ ሥር የፈሰሰው፣ ሁሉም አንድ ደም ነው። ምድር ቤት ሆና ባየችው መስኮት ላይ ጸጥ ያሉ ግራጫ ክቦች ነበሩ። እዚህ ፎጣ ነው።

ሁለተኛውን ከረጢት የያዘው ሰው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። ነርሷ ከእጁ ነጥቃው ገባች፤ ያኔ ሮጠች። አባትየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አክስትየዋ መቁጠሯን አቆመች፤ ከወንበሯ ተነስታ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ላይ ተቀመጠች።

አርባ ደቂቃ እንደዚያ ቆዩ።

ሐኪሟ ስትወጣ ጋዋኗ እስከ ክርኗ ቀልቶ ነበር። ኮፍያዋን አወለቀችና ግድግዳውን ተደገፈች።

«ቆሟል» አለች። «ብዙ ደምታለች። ማህፀኗ ድንጋይ ነበር፤ ልክ አክስታችሁ እንዳሉት። ሁለቱን ከረጢት ባላስመጣ ኖሮ…» ጭንቅላቷን ነቀነቀችና ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እርስዎ ነዎት አዋላጇ?»

አክስትየዋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ያኔ ነው ያለቀሰችው። አባትየው አጠገቧ ቆሞ ነበር። ሊይዛት እጁን አንስቶ፣ መልሶ አወረደው።

*

ጩጬ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች። ባሏ በሦስተኛው ቀን ከነአቧራው ደርሶ አልጋዋ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። ሴት ልጅ ናት የተወለደችው።

አባትየው በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ደረጃውን እያቃሰተ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። «አሳዪኝ» አለ። ቀስታ የራሷን አሳየችው።

«ምንድን ነው የማየው? ምንም የለም እኮ።»

«እሱ ነው፣ አባዬ። ምንም የለም።»

መስኮቱን ለረጅም ጊዜ አየ። የናታቸውን ደም ማንም ማየት እንደማይችል ቀስታ ነገረችው፤ ግን የእናቷ፣ የእሷና የጩጬ ታሪክ አንድ ነው፣ እሱንም ያሳወቀቻቸው አክስቷ ናት አለችው። ደረጃውን ተመልሶ ወጣ። በማግስቱ አረንጓዴውን በር እንዳንኳኳ የነገረቻት አክስቷ ናት፤ አልከፈተችለትም። እሑድ ተመልሶ ሄደ፤ ያኔ ከፈተችለት። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ለማንም አልተናገሩም።

ሕፃኗን ለመመርመር ስድስት ወር ጠበቁ። ያን ቀን ቀስታ ማሽኑ ፊት መቀመጥ አልቻለችም፤ «ፕሮፌሰር፣ እርስዎ ይዩልኝ» ብላ ውጭ ደረጃው ላይ ቆየች። ሲወጡ ፊታቸውን አይታ አወቀችው። ልጅቷም ባዶ ናት። ከዚያ ወዲህ ሦስቱም፣ ቀስታ፣ ጩጬና ልጅቷ፣ ለሐኪም የሚታይ አንድ አንድ ካርድ አላቸው። ለነስረኛዋ ልጅ መድማትም ሌላ ምክንያት ፈልገው አገኙ። ለማመሳከሪያም ጥበቃው ክንዱን መዘርጋቱን ቀጥሏል።

ልጅቷ መራመድ የጀመረችው በአሥራ አንድ ወሯ ነው። ሁሉም ጩጬ ቤት ነበሩ። ከሶፋው እስከ አያቷ ጉልበት አራት እርምጃ ሄደች፤ በአምስተኛው እግሯ ተደናቀፈና ግንባሯ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታው። ሁሉም በአንዴ ተነሱ። ጩጬ ጮኸች። አያትየው በረዶ ፍለጋ ወደ ጓዳ ሮጦ የማቀዝቀዣውን መሳቢያ ከነምኑ ነቅሎ አመጣው። አክስትየዋ ልጅቷን አቅፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ቀስታ በረዶውን በጨርቅ ጠቅልላ እብጠቱ ላይ ያዘች።

እብጠቱ አደገ። አምስት ደቂቃ፤ አሁንም እያደገ ነው። ልጅቷ ማልቀሷን ትታ በዙሪያዋ የተደረደሩትን የፈሩ ፊቶች አንድ በአንድ ታያለች። ዐሥር ደቂቃ። ለሕፃኗ ሐኪም ደወሉ፤ ሐኪሟ ታስታውካለች ወይ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል ወይ ብላ ጠየቀች፤ የለም አሏት፤ አምጧት፣ እዚሁ ትደር አለች። አያትየው የመኪና ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ቀስታ ጨርቁን አነሳች።

«ቆመ እንዴ?» አለች ጩጬ።

ቀስታ ጎንበስ ብላ አየች።

«የቆመ ይመስለኛል» አለች። «ቢሆንም እንሂድ።»